ጥግ ላይ የነበረው ካርቶን

«በሚቀጥለው ወር ዱባይ ሆቴል ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ። የምኖረው ከአራት ፊሊፒናውያን ጋር ነው ተብያለሁ። በባህላቸው የሚኮሩት በምንድን ነው? ምን ያስደስታቸዋል? ምንስ ቅር ያሰኛቸዋል?» ብለሽ ጠይቀሻል እህቴ። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች «ሳቂታ ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው፣ ዘፈን ይወዳሉ» ብለውሻል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህንን አሳንሰር ውስጥ ያገኛቸው ሰው ሁሉ ያየዋል። እኔ ዴራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ክፍል ከአምስት ፊሊፒናውያት ጋር ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሥራዬ የሆቴል ልብስ መተኮስ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ላርዝምብሽ።

የምጀምረው ከካርቶን ነው። ክፍላችን ሦስት ተደራራቢ አልጋዎች፣ አንድ ፍሪጅና አንድ መስኮት ነበራት። የቀረችው ጥግ የካርቶን ነበረች። ወገቤ ድረስ የሚደርስ ትልቅ ካርቶን ነው፤ «ባሊክባያን ቦክስ» ይሉታል። ባሊክባያን ማለት ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ነው። የገባሁ ዕለት ቆሻሻ መጣያ መስሎኝ የሙዝ ልጣጭ ልጥልበት ስል አምስቱም በአንድ ድምፅ ጮኹብኝ። ትውውቃችን በዚህ ተጀመረ።

ካርቶኑ በአንድ ቀን አይሞላም። ደመወዝ በገባ ቁጥር አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ ዛሬ ሁለት ሳሙና፣ በሚቀጥለው ወር የታሸገ ሥጋና የጥርስ ሳሙና፣ ከዚያ ለአባት ጫማ፣ ለልጅ ደብተር። በመርከብ ሲላክ የሚከፈልበት በክብደቱ ሳይሆን በካርቶኑ መጠን ስለሆነ ባዶ ቦታ ማለት የባከነ ገንዘብ ነው። በጫማው ውስጥ ካልሲ ይገባል፤ በካልሲው ውስጥ ከረሜላ። መንገዱ አንድ ወር ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ስለሚፈጅ የገና ካርቶን በጥቅምት መታሸግ አለበት። በዚያ ሰሞን ማታ ማታ አንዷ ካርቶኑ ላይ ወጥታ ትቀመጥና ሌላዋ በፕላስተር ዙሪያውን ትጠመጥመዋለች።

ከሁላችንም ታላቅ የነበረችው ሴት ኢሎኢሎ የምትባል የፊሊፒንስ ከተማ ሰው ናት። የዚያ አገር ሰው ሲቆጣ እንኳ የሚያባብል ይመስላል ይሏቸዋል፤ እርሷም እንደዚያው ነበረች። በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «አቴ» ነው የምንላት፤ ታላቅ እህት ማለት ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሚደርሰውን ሰው ስም በማርከር ትጽፋለች። አንድ ቀን ስታሽግ ለጎረቤት ሳሙናና ሎሽን ስትለይ አየሁና «ለጎረቤት ደግሞ ምን አገባሽ?» አልኳት። ያ ጎረቤት ለመጀመሪያ ጉዞዋ ገንዘብ አበድሯት ነበር። ብድሩን ከመለሰች አምስት ዓመት አልፏታል። «ገንዘቡ ተመልሷል፤ ኡታንግ ና ሎኦቡ ግን አለ» አለችኝ። ቃል በቃል የውስጥ ዕዳ ማለት ነው፤ እኛ ውለታ የምንለው። ውለታ ቢስ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚያቆስል ታውቂያለሽ፤ «ዋላንግ ኡታንግ ና ሎኦብ» በእነርሱ ዘንድ ከዚያ አይተናነስም።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ዋናው ኩራታቸው ይህ ነው፤ የበሉበትን ቤት አለመርሳት። መንግሥታቸውም ያውቀዋል። ፕሬዚዳንት ኮራዞን አኪኖ እ.ኤ.አ. በ1988 ሆንግ ኮንግ ላይ ለቤት ሠራተኞች ሲናገሩ «አዲሶቹ ጀግኖች» ብለዋቸው ነበር፤ ስሙ እስከ ዛሬ ቀርቷል። ውጭ ያሉት ፊሊፒናውያን በየዓመቱ ወደ አገራቸው የሚልኩት ገንዘብ ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነውና ውዳሴው ያለ ምክንያት አይደለም። አቴ ግን በዚህ ቃል ትስቅ ነበር። «ለጀግና ሐውልት ይቆምለታል፤ እዚህ ቀኑን ሙሉ የምቆመው ግን እኔው ራሴ ነኝ» ትላለች ካውያዋን እያነሣች። እኔን የሚያስቀናኝ ከውዳሴው ይልቅ ሌላው ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጭ የምትሠራ የቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 400 ዶላር እንዲሆን ወስነዋል። በተግባር ብዙ ጊዜ ይሸራረፋል፤ ቢሆንም አንዲት ልጅ ከአገሯ ስትወጣ ዋጋዋን የሚጠራላት ሰው አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው አክብሮት ነው። የአቴ ልጅ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። በስልክ በምስል ሲገናኙ ልጅቱ መጀመሪያ ግንባሯን ወደ ካሜራው ታስጠጋለች፤ አቴ ደግሞ የእጇን ጀርባ ወደ ስልኩ ትዘረጋለች። ግራ ገብቶኝ ስጠይቅ «ማኖ» እንደሚባል ነገሩኝ። ታናሽ የታላቁን እጅ ይዞ በግንባሩ ይነካል፤ በረከት መቀበል ነው። ማኖ በስፓኒሽ እጅ ማለት ነው፤ ስፔን ከ300 ዓመት በላይ ስለገዛቻቸው ከቃላቷም ብዙ ትታላቸዋለች። እኔም የአያቶቻችንን ጉልበት እንደምንስም ስነግራቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘመድ ሆንኩ። ሲናገሩም ለታላቅ ሰው ከየዓረፍተ ነገሩ መካከል «ፖ» ይጨምራሉ፤ የእኛ «እርስዎ» የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ እህቴ፣ በዕድሜ የምትበልጥሽን አቴ፣ ወንዱን ኩያ በይ። በባዶ ስሙ አትጥሪው። ይህ ብቻ ግማሹን በር ይከፍትልሻል።

(በነገራችን ላይ፣ ቋንቋቸው እርሱንና እርሷን አይለይም፤ ሁለቱም «ሲያ» ናቸው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ይደበላለቅባቸዋል። አቴ ስለ ባሏ ሕመም ስታጫውተኝ አንድ ወር ሙሉ ስለ እናቷ የምታወራ መስሎኝ አብሬ አዝን ነበር። እነርሱም በበኩላቸው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ «አዎ» ስል አስም ያለብኝ መስሏቸው ውኃ ያቀብሉኝ ነበር። የእነርሱ አዎንታ ቅንድብ ማንሣት ነው፤ ዕቃ የት እንዳለ ስትጠይቂያቸው ደግሞ በጣት ሳይሆን በከንፈራቸው ይጠቁሙሻል።)

ምግብ ላይ አትቸገሪም ብዬ ነበር ልጽፍልሽ የጀመርኩት፤ ነገር ግን ከሁሉ የባሰ ስሕተት የሠራሁት እዚያ ነው። ሰላምታቸው ራሱ «በልተሻል ወይ?» ነው። እየበሉ ከደረስሽ «ካይን ታዮ» ይሉሻል፤ ከእኛ «እንብላ» ጋር አንድ ነው፤ እንደኛው ሁሉ በመጀመሪያው ግብዣ ዘሎ መቀመጥ አይወደድም። ሩዝ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይበላል፤ የጠዋቱ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ነው። ከእርሱ ጋር «ቱዮ» የሚሉትን ደረቅ ዓሣ ይጠብሳሉ። ሽታው መተላለፊያውን አልፎ ደረጃው ድረስ ይወርዳል። አንድ አርብ ጠዋት አፍንጫዬን ይዤ መስኮቱን ከፈትኩ። ምንም አላሉኝም። ሦስት ቀን ምንም አላሉኝም! ሰላምታ አለ፤ ፈገግታ አለ፤ ጨዋታ ግን የለም። ይህንን «ታምፖ» ይሉታል፤ ማኩረፍ ነው። የተቀየመ ፊሊፒናዊ ፊት ለፊት አይጮህብሽም፤ ሰውን በሰው ፊት ማሳፈር ከባድ ነውር ነውና። የተቀየመው ሰው ዝም ይላል፤ አንቺ ደግሞ መጥተሽ ማባበል ይጠበቅብሻል። በአራተኛው ቀን ከፊሊፒናውያን ሱቅ ያንኑ ደረቅ ዓሣ ገዝቼ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አቴ ዓሣውን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ ሳቋን መግታት አቃታት። በዚያው ቀረ። እንጀራ ሳቀርብላቸው ግን በእጅና ከአንድ ማዕድ መብላት ብርቅ አልሆነባቸውም፤ እነርሱም በሙዝ ቅጠል ላይ ሩዝና ዓሣ ዘርግተው ዙሪያውን ከበው በእጃቸው ይበላሉ።

ስለ መረዳዳት ሲጠየቁ ሁሉም አንድ ሥዕል ያሳዩሻል፤ ሰፈርተኛ ተሰብስቦ የቀርከሃ ቤትን እንዳለ በትከሻው ተሸክሞ ሲያዛውር። «ባያኒሃን» ይባላል፤ የእኛ ደቦ ነው። ዛሬ ቤት ተሸካሚ ብዙም የለም፤ እኔ ያየሁት ባያኒሃን የገንዘብ ነው። «ፓሉዋጋን» የሚሉት አላቸው፤ ሲያስረዱኝ እየሳቅሁ «ይህማ እቁብ ነው» ብዬ ገባሁበት። አሥር ሰው፣ በወር 500 ድርሃም። የእኔ ተራ ዘጠነኛ ነበር። በሦስተኛው ወር እናቴ ታመመችና ማታ አልጋዬ ላይ ተሸፋፍኜ ሳለቅስ ከላዬ የምትተኛው ልጅ ሰማችኝ። ታክሎባን የምትባል የፊሊፒንስ ከተማ ልጅ ናት፤ አገሯ መምህርት ነበረች፤ ዱባይ ውስጥ ግን የሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። በማግሥቱ ተራዋን ለእኔ ሰጠችኝ። አልጠየቅኋትም። ያ ገንዘብ ለምን እንደተፈለገ እንኳ አልጠየቀችኝም።

ኅዳር 8 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ዮላንዳ የሚሉት አውሎ ነፋስ ታክሎባንን መታ። ከ6,000 በላይ ሰው ሞቷል። ልጅቱ ለአራት ቀናት የቤተሰቧን ድምፅ አልሰማችም፤ ሥራዋን ግን አንድም ቀን አልቀረችም፤ አልጋ እያነጠፈች ስልኳን ታያለች። በአምስተኛው ቀን «ሁላችን አለን፤ ጣራው የለም» የሚል መልእክት ደረሳት። በዚያ ሰሞን የክፍላችን ካርቶን ሁሉ አቅጣጫውን ቀየረ፤ የኢሎኢሎውም ወደ ታክሎባን ሄደ። እኔም በሕይወቴ የመጀመሪያውን ካርቶን ገዛሁ። የውስጥ ዕዳ የሚሉት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀኝ እጄ ራሱ ሳሙና ይቆጥር ነበር።

ታዲያ «ጠንካሮች ናቸው፤ በጎርፍ መካከል ይስቃሉ» ሲባል ሁሉም ደስ የሚላቸው እንዳይመስልሽ። ያቺው ልጅ በኋላ «ድሮ እኮራበት ነበር፤ አሁን ግን የጣራው ገንዘብ የት ደረሰ ስንል ነው ጠንካሮች ናችሁ የሚሉን» አለችኝ። ይህንን ልብ በይልኝ። በራሳቸው ድክመትም አብረው ይቀልዳሉ፤ የቀጠሮ ነገር ከሐበሻ ቀጠሮ ጋር መንትያ ነው፤ ጀምሮ መተውን ደግሞ ቶሎ ነድዶ በሚጠፋ ሣር መስለው «ኒንጋስ ኩጎን» ይሉታል። እነርሱ ሲቀልዱ ሳቂ፤ አንቺ ግን አትጀምሪው። ከሁሉም በላይ «ፊሊፒን ማለት የቤት ሠራተኛ» የሚል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ። የእኛን ልጆች እንዲህ ሲሉን እንዴት እንደሚያመን እናውቃለን።

የቀረውን ባጭሩ ልበልሽ። ገናቸው የሚጀምረው መስከረም ላይ ነው፤ የወሩ የእንግሊዝኛ ስም «በር» ብሎ ካለቀ በቃቸው። ኮከብ የሚመስል ፋኖስ፣ «ፓሮል» የሚሉትን፣ መስኮት ላይ ይሰቅላሉ፤ ከታኅሣሥ 16 እስከ 24 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዘጠኝ ቀን ለቅዳሴ ይነሣሉ። ዱባይ ውስጥ ከሥራ በኋላ ማታ ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር፤ ግቢው ሞልቶ ሰው ውጭ ይቆማል። የእኛ ገና ከእነርሱ በኋላ መሆኑ ደግሞ በጣም ተመችቷቸው ሁለቱንም አከበሩ። ስለ ማኒ ፓኪያዎ አንድ ነገር አንብበሽ ሂጂ፤ በስምንት የክብደት ምድቦች የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ቦክሰኛ ነው። እነርሱ ፓኪያዎ ሲሉኝ እኔ ኃይሌ እላቸው ነበር። ክብደት አንሺዋ ሂዲሊን ዲያዝ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ለአገሯ የመጀመሪያውን ወርቅ ስታመጣ እኔ አዲስ አበባ ገብቼ ነበር፤ ከእነርሱ የደረሰኝ የድምፅ መልእክት ሁሉ ለቅሶ ነው። ልደትሽ ቀን ደግሞ ካራኦኬ ይዘው ይመጣሉ፤ ማሽኑ ነጥብ ይሰጣል። ዘፈን አልችልም ብለሽ አትሸሺ፤ 40 ያገኘ ሰው ነው ይበልጥ የሚጨበጨብለት።

የታክሎባኗ ልጅ አሁንም እዚያው ዱባይ ናት። በቅርቡ ወደዚያ የሚሄድ ዘመድ አግኝቼ ሁለት ኪሎ ቡና በትንሽ ካርቶን አሸግሁላት። ቡናው ገብቶ ጎኑ ላይ አንድ እጅ የምታህል ክፍተት ተረፈች። ፕላስተሩን ከጀመርኩ በኋላ መልሼ ከፈትኩትና ለልጇ አንድ ጥንድ ካልሲ ከተትኩበት፤ በካልሲው ውስጥ ከረሜላ።