ፈርመውልኛል፤ አሁን ግን «ድምፄን አውጪልኝ» አሉኝ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፦

የሥነ ጥበብ ትምህርቴን በዚህ ወሰነ ትምህርት የምጨርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ትልልቅ ሕንፃዎችን ሌሊት ስለሚያጸዱ ሴቶች ሲሆን፣ ከክፍል ጓደኞቼ ሥራዎች ጋር ለሕዝብ የሚታየው ከጠዋት እስከ ማታ ሰው በሚተላለፍበት የአንድ ሕንፃ መግቢያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በሌሊት ፈረቃ እየሄድሁ አሥራ አንድ ሴቶችን አነጋገርሁ፤ ድምፃቸውንም ቀረጽሁ። ያረጁ የሥራ ጓንቶቻቸውን ሰጡኝ። ጓንቶቹን ከጣሪያው በክር አንጠልጥዬ በእያንዳንዱ ውስጥ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አስገብቻለሁ፤ ተመልካቹ ጆሮውን ሲያስጠጋ የጓንቷ ባለቤት ስትናገር ይሰማል።

ከሴቶቹ አንዷ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ናቸው። እኚህ እናት በአንድ ወቅት ከሥራ እንዳይባረሩ ፈርተው እርግዝናቸውን እስከ ሰባተኛው ወር ደብቀው፣ ውኃ የሞላ ባልዲ በደረጃ ሲያመላልሱ እንደነበር ነግረውኛል። ቅጂውን በክፍል ውስጥ ያሰማሁ ቀን ሁሉም ጸጥ አለ፤ መምህሬም «የሥራሽ ልብ ይህ ነው» አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ሥራውን ስንተክል ሴቶቹ መጥተው እንዲያዩት ጋበዝኋቸው። መምጣት የቻሉት እኚህ እናት ብቻ ነበሩ። ከጓንታቸው አጠገብ ቆመው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ «ጥሩ ነው» ብለው ሄዱ። ማታ ግን ደውለው፣ «ልጄ፣ ድምፄን አውጪልኝ፤ እኔ እኮ የነገርኩት ለአንቺ ነው» አሉኝ። ምክንያታቸውን አልጠየቅኋቸውም።

መምህሬ ግን በዚህ አይስማሙም። የስምምነት ቅጽ ፈርመዋል፣ የማኅበረሰብን ችግር የሚነካ ሥራ ሰውን መረበሹ አይቀርም፣ ሰው ሁሉ «አውጡልኝ» ካለ ደግሞ የሚታይ ነገር አይኖርም ይላሉ። የቀረኝ ዘጠኝ ቀን ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ተናድጃለሁ፤ የተናደድሁት ደግሞ በእርሳቸው መሆኑ ያሳፍረኛል። ድምፃቸውን በቴክኒክ ብለውጠው ወይም ታሪኩን ሌላ ሴት ብታነብበው አይበቃም? ባወጣውስ፣ ለመክፈቻው ልጠራቸው ይገባል?

ግራ የገባት ተማሪ

ውድ ጠያቂያችን፦

ድምፁን አውጪው። ዘጠኝ ቀን ብቻ የቀረውን ሰው ዙሪያ ጥምጥም መውሰድ ስለማይገባ መልሱን አስቀድሜአለሁ፤ ምክንያቱ ግን ከመምህርሽ ጋር ስትነጋገሪ ያስፈልግሻል።

እኚህ እናት ቅጹን ሲፈርሙ ፊት ለፊታቸው የነበሩት አንቺ፣ መቅረጫሽና አንድ ወረቀት ናቸው። ኢንስታሌሽን የሚባል ነገር፣ ማለትም በአንድ ቦታ ውስጥ ተተክሎ የሚታይ የጥበብ ሥራ፣ አይተው የማያውቁ ሰው ከጣሪያ ከተንጠለጠለ ጓንት ውስጥ የገዛ ድምፃቸው ሲወጣ ምን ሊሰማቸው እንደሚችል አስቀድመው እንዲያውቁ መጠበቅ አይቻልም፤ አንቺ ራስሽም ያን ጊዜ ሥራው ምን እንደሚመስል ገና አታውቂም ነበር። ስለዚህ ጥያቄው በትክክል የቀረበላቸው ባለፈው ሳምንት ጓንታቸው አጠገብ ቆመው ሲያዳምጡ ነው፤ መልሱንም በዚያው ዕለት በስልክ ሰጡሽ። በክፍላችሁ ውስጥ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም። በአዳራሹ ግን የሥራ ባልደረባቸው፣ ጎረቤታቸው ወይም አለቃቸው ሊያልፍ ይችላል፤ ከሚያዳምጡትም አንዱ በስልኩ ቀርጾ ቢያሰራጨው መመለሻ የለውም። የፈረሙት ወረቀት አንቺን ሊከላከልልሽ ይችል ይሆናል፤ ለእርሳቸው ግን ምንም አያደርግላቸውም።

መምህርሽ ከተናገሩት ከፊሉ ትክክል ነው። ጥያቄው የመጣው ከሕንፃው ባለቤት ወይም ከጽዳት ድርጅቱ ቢሆን ኖሮ «አታውጪ፣ ተሟገቺ» እልሽ ነበር። ማኅበራዊ ጉዳይን የሚያነሣ ሥራ መረበሹ ተገቢ ነው፤ የሚረበሸው ግን ማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ሰው እያጸዳለት መሆኑን ሳያስብ የሚያልፈው መንገደኛ ቢረበሽ ሥራሽ ሠርቷል ማለት ነው። የተረበሹት ባልዲውን የተሸከሙት እናት ከሆኑ ግን ሸክሙ ተመልሶ በእርሳቸው ላይ ወድቋል።

በጎ ሐሳብ ብቻውን እንደማይበቃ ከሳም ዱራንት ሥራ እናያለን። ይህ አሜሪካዊ አርቲስት የሞት ቅጣትን ለመንቀፍ በአገሩ ታሪክ ሰዎች የተሰቀሉባቸውን መስቀያዎች ንድፍ አጣምሮ ትልቅ የእንጨት ሥራ ሠራ፤ ከነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ. በ1862 በሚኒሶታ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የዳኮታ ሕዝብ 38 ወንዶች በአንድ ቀን የተሰቀሉበት ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመን ሲታይ የጎላ ተቃውሞ አልገጠመውም። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ዳኮታዎች በሚኖሩበት በሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ሳያማክሯቸው ሲተከል የሟቾቹ ዘሮች አጥሩ ሥር ቆመው ተቃወሙ። ዱራንት ከሽማግሌዎቹ ጋር ከተነጋገረ በኋላ ሥራው እንዲፈርስ ተስማማ፤ የባለቤትነት መብቱንም ለዳኮታዎች አስተላለፈ። ነገሩ እዚያ የደረሰው ለመጠየቅ ስለዘገየ ነው፤ አንቺ ግን ገና ዘጠኝ ቀን አለሽ።

ለአንቺ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ ሌላ ነው። አሜሪካዊቷ አርቲስት ሚየርል ላደርማን ዩክለስ እ.ኤ.አ. በ1976 በኒው ዮርክ በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩ 300 ያህል የጽዳትና የጥገና ሠራተኞች ከሥራ ሰዓታቸው አንዱን ሰዓት እንደ ጥበብ እንዲቆጥሩት ጋበዘቻቸው። በፈረቃቸው እየዞረች በቅጽበታዊ ካሜራ ስታነሣቸው፣ በዚያች ሰዓት የሠሩት «ጥበብ» ነው ወይስ «ሥራ» ብላ ትጠይቃቸው ነበር፤ በፎቶግራፉ ላይም የሚጻፈው የእነርሱ መልስ ነው። ስም የማውጣቱ ሥልጣን በሠራተኛው እጅ ነበር። የአንቺ ሥራ የሚጎድለው ይህ ይመስለኛል፤ ሴቶቹ ሰጡሽ፣ ከዚያ በኋላ የመረጥሽውም፣ የቆረጥሽውም፣ ያንጠለጠልሽውም ብቻሽን ነሽ።

ድምፁን መለወጥ አይበቃም። ሰባተኛ ወሯ ድረስ እርግዝናዋን ደብቃ ባልዲ የተሸከመችው ሴት ማን እንደሆነች አብረዋት የሠሩ ሁሉ ከታሪኩ ይለዩአታል። ሌላ ሴት ብታነብበውም እንደዚያው ነው። ደግሞም «የነገርኩት ለአንቺ ነው» ያሉ ሰው የተከፉት በድምፃቸው ቃና አይደለም።

የሥራው ልብ ይወጣል ብለሽ መፍራትሽ ይገባኛል፤ ግን ልቡ የግድ የሚነገረው ነገር መሆን አለበት ብዬ አላምንም። ኮሎምቢያዊቷ አርቲስት ዶሪስ ሳልሴዶ የጠፉ ሰዎችን ቤተሰቦች ለረጅም ጊዜ ካዳመጠች በኋላ፣ «አትራቢሊያሪዮስ» በተባለው ሥራዋ አንድም ቃላቸውን አላሰማችም። የጠፉትን ሰዎች ጫማ በግድግዳ ውስጥ በተቦረቦሩ ትንንሽ ሳጥኖች አስቀምጣ፣ የሳጥኖቹን ፊት ብርሃን በደብዛዛው በሚያሳልፍ የከብት የሽንት ፊኛ ሸፍና፣ በቀዶ ሕክምና ክር ሰፋችው። ተመልካቹ ጫማውን ያያል፤ ታሪኩ ግን አይሰጠውም። አንቺም አሥር የሚናገሩ ጓንቶችና አንድ ዝም ያለ ጓንት ቢኖርሽ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ምንም የማይሰማው ሰው ከሌሎቹ አሥሩ ይልቅ እዚያ ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን ጓንቱም የእርሳቸው ነውና እንዲቆይ ይፍቀዱልኝ ብለሽ ጠይቂያቸው፤ እምቢ ካሉ ያለ ማንገራገር መልሺላቸው። ከፈቀዱም በማብራሪያ ጽሑፉ ላይ «ባለታሪኳ ፈርታ ተወችው» የሚል መሥመር እንዳይገባ ተጠንቀቂ፤ ያን ጊዜ የተከለከልሽውን ታሪክ በሌላ በር አስገባሽው ማለት ነው።

ስለ ቀሩት አሥሩም ጉዳዩ ያው ነው። እነርሱም የፈረሙት ሥራውን ሳያዩ ነውና በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድምፅ ማጉያና ጓንት ይዘሽ በፈረቃቸው ሂጂ፤ ተራ በተራ ያዳምጡት፤ ማውጣት የሚፈልጉት ዓረፍተ ነገር ካለ እዚያው ቁረጪው። የወጣውን ድምፅ ከኮምፒውተርሽም፣ ከስልክሽም፣ ለኅትመት ከተዘጋጀው ካታሎግ ጽሑፍም ማጥፋትሽን አትርሺ። ለመምህርሽም ውሳኔሽን እንደ ሥራው አካል አድርገሽ በጽሑፍ አቅርቢ፤ ሦስት ወር ሙሉ ያዳመጠ ተማሪ መቼ መተው እንዳለበት ማወቁ ውጤት የሚያስቀንስ ጉድለት ነው ብዬ አላስብም። ቢያስቀንስም አውጪው።

መናደድሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። ደክመሽ ያገኘሽው ነገር ከእጅሽ ሲወጣ መናደድ ያለ ነው፤ ብቻ ቁጣው ሳይበርድ ስልክ አትደውዪላቸው።

ለመክፈቻው ግን ጥሪያቸው። በመጥሪያ ወረቀት ሳይሆን በአካል ሄደሽ፣ ድምፁ መውጣቱንና መጥፋቱን በቅድሚያ ነግረሽ፣ ፈረቃቸው ከመግባቱ በፊት ሊደርሱ በሚችሉበት ሰዓት ጥሪያቸው። ካልመጡም ለምን ቀሩ ብለሽ አትጠይቂያቸው።