በርክክብ ቅጹ ላይ ያልሰፈረው

በየዩኒቨርሲቲው በአሰልጣኝነት፣ በስፖርት ሳይንስ መምህርነትና በአትሌትነት ለምትገኙ ልጆቼ፤

ባለፈው ወር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደሴ እቤቴ ድረስ መጥታ ነበር። በምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የአትሌቲክስ ክፍሉ ኃላፊ ተነሥቶ እርሷ እንድትተካው ደብዳቤ ደርሷታል። ቡናው እስኪፈላ እንኳ ሳትጠብቅ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ምን ልቀይር?» አለችኝ። «ለጊዜው ምንም አትቀይሪ» ብዬ ሸኘኋት። ከሄደች በኋላ ግን ምክንያቱን ሳልነግራት ትእዛዝ ብቻ እንደሰጠኋት ተሰማኝ፤ በሥራ ዘመኔ ከፈጸምኩት ጥፋት ሁሉ የሚከብደኝም ይኸው ነበርና፣ ለእርሷም ለእናንተም በጽሑፍ ላስረዳ ተነሣሁ።

የኃላፊነት ርክክብ በመሥሪያ ቤቶቻችን እንዴት እንደሚከናወን ታውቃላችሁ። ኮሚቴ ይሰየማል፣ መጋዘን ይከፈታል፣ በሞዴል 19 የገባውና በሞዴል 22 የወጣው ይመሳከራል፣ መሰናክሉ፣ አሎሎው፣ ዲስከሱና ጦሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔ ደሴ ላይ ከአትሌቲክስ ክፍል ኃላፊነት ስነሣም ሁለት ቀን ሙሉ ስንቆጥር ቆየን፤ አንዲት ስቶፕ ዎች ጎድላ ስለነበር እርሷን ፍለጋ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀን። በእነዚያ ሁለት ቀናት ስለ አትሌቶቹ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም። ሁላችንም ፈረምንና ቁልፉን አስረከብኩ።

ያላስረከብኩት የሐሙሱን ልምምድ ነበር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,900 ሜትር በታች ናት፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ይደረሳል። ከፍታ ላይ መኖርና ረጅሙን ሩጫ እዚያው መሮጥ የአትሌቱን ደም ያበረታል፤ ይሁን እንጂ አየሩ ስስ በመሆኑ በውድድር ፍጥነት ደጋግሞ ለመሮጥ ትንፋሹ አይበቃም፣ እግሩም ፍጥነቱን ሳይለምደው ይቀራል። ስለዚህ ረጅሙን ሩጫ በደሴ አጠገብ ባለው ቦሩ ሜዳ ላይ እንሠራ ነበር፤ ለፈጣኑ ልምምድ ግን ሐሙስ ሐሙስ በዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። ለ1,500 ሜትር ሯጮቼ የሰጠሁት የልምምድ ወረቀት «400 ሜትር አሥር ጊዜ፣ እያንዳንዱ በ64 ሰከንድ፣ ዕረፍት አንድ ደቂቃ ተኩል» ይላል። የት እንደሚሮጥ ግን አይናገርም፤ ሁላችንም ስለምናውቀው መጻፍ ያለበት አልመሰለኝም ነበር።

በእኔ ቦታ የተተካው ወጣት ትጉህና ለመንግሥት ገንዘብ የሚቆረቆር ሰው ነበር። መዝገቡን ሲያገላብጥ ያየው በየሳምንቱ የሚወጣ አውቶቡስ፣ ነዳጅና የሾፌር ውሎ አበል ነው፤ ለምን እንደሚወጣ የሚገልጽ አንድም ማስታወሻ አላገኘም። በሁለተኛው ወር ጉዞውን አስቀረው። እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ያንኑ ወረቀት ይዘው የኮምቦልቻውን 64 ሰከንድ በደሴ ከፍታ ለማምጣት ታገሉ። ሰዓቱ እምቢ ሲላቸው ዕረፍቱን ሳያራዝሙ ጉልበት ጨመሩ፤ ወር ሳይሞላ ሁለቱ የኋላ ጭን ጡንቻቸውን ተጎዱ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ተዳክሜአለሁ፣ እኔ ከእንግዲህ ሯጭ አይደለሁም» ብሎ ሩጫውን ተወ። ያልተዳከመ ልጅ ነበር። «ይህ ሰዓት የኮምቦልቻ ነው፤ በደሴ አይሠራም» የሚል አንድ መስመር ጽፌ ብሄድ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ። ያንን ልጅ ዛሬም ፒያሳ ሳገኘው ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው፤ እኔ ግን ዓይኑን ማየት ይከብደኛል።

እንግዲህ ተሰናባች ኃላፊ የሆናችሁ ለት ከንብረት ዝርዝሩ ጎን ሌላ ወረቀት እንድታዘጋጁ እለምናችኋለሁ። የተወሰነውን ብቻ ሳይሆን የተወሰነበትን ምክንያት ጻፉ። ፕሮግራሙ በየፋይሉ ይገኛል፤ ምክንያቱ ግን ከሰውየው ጋር ወጥቶ ይሄዳል። ተተኪው በውሳኔያችሁ ላይስማማ ይችላል፤ ያ መብቱ ነው። ምክንያቱን አውቆ የሚያፈርስና ሳያውቅ የሚያፈርስ ግን አንድ አይደሉም።

አዲስ ተሿሚዎች ደግሞ መዝገብ ከማገላበጣችሁ በፊት ረዳት አሰልጣኙን፣ የሜዳ ሠራተኛውንና ሾፌሩን ጠይቁ። በእኛ በወሎ ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ነገር ላንሣ። እዚህ በአንድ ቡድን ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ይሮጣሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ በየተራም ይጾማሉ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ የአምናው ፕሮግራም ለዘንድሮ አይሆንም። ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው፤ ከልጆቹ መካከል እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሱ አሉ። በ2016 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች መጋቢት 2 ቀን አብረው ገቡ። በእንዲህ ያለ ወቅት ለሙስሊሞቹ ከባዱን ልምምድ ከአፍጥር በኋላ ማድረግ፣ ከአፍጥር በፊት ባለው ሰዓት ቀላል ሩጫ ብቻ ማሠራት፣ ለክርስቲያኖቹም ከበሉ በኋላ በቂ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ማን እንደሚጾም፣ ማን ሲጾም ራሱን እንደሚያዞረው፣ ማን ደግሞ አሰልጣኙን አፍሮ እንደማይናገር የሚያውቀው ረዳት አሰልጣኙ ነው። አንድ አዲስ ኃላፊ ይህን ሳይጠይቅ የሰዓት መለኪያ ሩጫ በረመዳን ከሰዓት በኋላ አስጠርቶ፣ የተሸነፉትን ልጆች ከቡድኑ ሲቀንስ አይቻለሁ። በሰው ፊት ባላሳፍረውም በዕለቱ ዝም ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ለውጥ በራሱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ኃላፊ መቀያየሩ የማይቀር ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ እንኳ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጦ የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ለቀቀ፤ ደራርቱ ቱሉ ተተካች፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ስለሺ ስህን ተመረጠ። የፌዴሬሽን ወንበር በሁለት ዓመት የሚለቀቅ ከሆነ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ወንበርማ እንዴት ይረጋ? ስለዚህ ከተሾማችሁበት ቀን ጀምራችሁ ነገ እንደምትነሡ አስባችሁ ሥሩ። ከአሰልጣኞቹ ወገን ያለውን ታሪክ ስመለከት ግን እጽናናለሁ። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ራሱ የሮጠው ንጉሤ ሮባ፣ ከዚያም ወልደመስቀል ኮስትሬ ብሔራዊ ቡድኑን በየዘመናቸው አሠልጥነዋል። አበበ ቢቂላ በ1952 እና በ1957፣ ማሞ ወልዴ በ1961፣ ምሩጽ ይፍጠር በ1972፣ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያመጡ መንግሥትም አሰልጣኝም ተቀያይሯል። የሥልጠናው ወግ ግን አልተቋረጠም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያው ጦርነትም የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። በኮምፒዩተር ብቻ የተቀመጠ የብዙ ሰው ሥራ ጠፍቷል። እኔ የማውቀው አንድ ረዳት አሰልጣኝ ከከተማ ሲወጣ ከልብሱ ጋር የያዘው የልጆቹን ሰዓት የሚመዘግብበትን ጠርዙ የተቀደደ ደብተር ነበር። ሰላም ሲሆን ተመልሶ ሥልጠናውን የቀጠለው ከዚያ ደብተር ተነሥቶ ነው። እናንተ አትሌቶችም የራሳችሁን ደብተር ያዙ፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ዕረፍቱን፣ እንቅልፋችሁን፣ ጾም ከሆነም ጾም መሆኑን። አሰልጣኝ ቢቀየርባችሁ የሰውነታችሁን ታሪክ የምትነግሩት ከዚያ ነው። አሰልጣኞች በበኩላችሁ በደም ማነስ ስለምትታከም ልጅ ወይም ስለ አንዱ የቤት ችግር ባለቤቱ ሳይፈቅድ በማስረከቢያ ወረቀት ላይ አታስፍሩ፤ እንዲህ ያለውን ራሱ እንዲናገር ከአዲሱ ኃላፊ ጋር አገናኙት።

«ምንም አትቀይሪ» ያልኳትም ገደብ አለው። የልምምዱን ሥርዓት፣ ቦታውንና የአሰልጣኞቹን ምድብ አንድ የውድድር ዘመን ሳታዩ አትንኩ። የልጆች ውሎ አበል የሚቆረጥበት፣ ሴት አትሌቶች የሚዋረዱበት ወይም የታመመ ልጅ በግድ የሚሮጥበት አሠራር ካገኛችሁ ግን አንድ ቀን አትታገሡ፤ የተሰናበተው ሰው ቅር ይለዋል ብላችሁም አትፍሩ።

ለተማሪዬ የሐሙሱን ልምምድ ከነምክንያቱ ጽፌላት ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፣ ስድስት ገጽ ሆነ። ትናንት አሽጌው ሳለ ክረምት ሲገባ ቦሩ ሜዳ ላይ የትኛው መንገድ እንደሚጨቀይና ልጆቹ በየት በኩል ዞረው እንደሚሮጡ አለመጻፌ ትዝ አለኝ። ፖስታውን ከፍቼ ሰባተኛውን ገጽ ጀምሬአለሁ።