ኦፕን ሳይንስን ከየት ልጀምር ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ «የማስተርስ ተማሪዎች ተመድበውልኛል፤ ዲፓርትመንቱ ኦፕን ሳይንስን በማማከር ሥራችሁ ውስጥ አስገቡ ብሎናል። ተማሪ ሳላስጨንቅ ከየት ልጀምር? ዳታችንን ሰው ቢወስድብንስ?» የሚል ነው። እኔም እዚሁ ስድስት ኪሎ አካባቢ ተማሪ ሳማክር ዓመታት አልፈዋል። ኦፕን ሳይንስ ማለት በአጭሩ የጥናቱን ዳታ፣ መጠይቅና ውጤት ሌላው እንዲያየውና እንዲጠቀምበት ክፍት ማድረግ ነው። ያየሁትን ልንገርሽ።

ከዲፌንስ በኋላ «በል ዳታህን ክፈተው» ማለት አይሠራም። ያኔ የተማሪው ልብ ምርቃቱ ላይ ነው። ፍላሹ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ትንሽ ቆይቶ ስልኩም አይሠራም። ከፕሮፖዛሉ ጀምሪ።

ፕሮፖዛል ሲመጣልኝ ቀድሜ የማየው የስምምነት ቅጹን ነው። ብዙ ተማሪ ከሲኒየሩ ይገለብጠዋል። ውስጡ «መረጃው ከተመራማሪው በቀር ማንም አያየውም፤ ጥናቱ ሲያልቅ ይወገዳል» የሚል አለበት። ተሳታፊው ይህን ሰምቶ ከፈረመ በኋላ ዳታውን ልክፈት ማለት ቃል ማፍረስ ነው። ስለዚህ ወደ ኤቲክስ ኮሚቴ ከመሄዱ በፊት «ማንነቴን የሚገልጽ ነገር ወጥቶ መረጃው ለሌሎች ተመራማሪዎች ቢጋራ፦ እስማማለሁ / አልስማማም» የሚል ይጨመርበት።

የተሳታፊውን ስም መሰረዝ ብቻውን ግን አይበቃም። «የጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ ሴት፣ 15 ዓመት ልምድ፣ አራዳ ክፍለ ከተማ» ከነወረዳው ከተጻፈ ሰፈሩ በሙሉ ማን እንደሆነች ያውቃል። እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ አይከፈት። መጠይቁንና የኮዲንግ መመሪያውን (መልሶቹ እንዴት እንደሚመደቡ የሚገልጸውን) ብቻ መክፈትም ኦፕን ሳይንስ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱንም አትርሺ።

ሌላው የቀን ነገር ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መጠይቁ በኛ አቆጣጠር ይሞላል፣ ኤክሴል ግን በፈረንጅ ያስባል። ጥቅምት 30ን «30/02/2016» ብለሽ ስትጽፊ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን በእነሱ ዘንድ የለምና ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጳጉሜ 5ን «05/13/2015» ብለሽ ስትጽፊ ደግሞ ወርን በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሜይ 13 ይሆናል። ዳታውን ከውጭ ያወረደ ሰው ይህን በምን ያውቃል? ሁለት አምድ ይኑር፣ አንዱ በኛ፣ አንዱ በእነሱ። የትኛው የቱ እንደሆነም ከፎልደሩ ጋር አንድ ገጽ ማብራሪያ ይጻፍ። ያቺ ገጽ ለተማሪው ራሱ ትጠቅመዋለች፤ ኤክስተርናሉ (የውጭ ፈታኙ) «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲለው አይደናገጥም።

የትንተና ዕቅዱን ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት ኦኤስኤፍ (OSF) በሚባለው የተመራማሪዎች ድረ ገጽ ላይ ማስመዝገብም ይቻላል፣ ነፃ ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ ያለው ስለሆነ ብዙ አዲስ ሥራ የለውም። መላምት ለሚፈትን ጥናት ደስ ይለኛል። ለኳሊታቲቭ (በቁጥር ሳይሆን በቃለ መጠይቅና በመሳሰሉት ለሚሠራ) ግን አላስገድድም።

ስርቆቱን በተመለከተ፣ እውነቱን ለመናገር የኛ ዳታ ከሚሰረቀው ይልቅ የሚጠፋው ይበዛል። ዜኖዶ (Zenodo) የሚባለው የዳታ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ስታስቀምጪው ቀን ያለው ዲኦአይ (DOI፣ የፋይሉ ቋሚ መለያ ቁጥር) ይሰጥሻል፤ ማን እንደቀደመ ማስረጃው እሱ ነው። ፋይሉን እስከምታሳትሙ መዝጋትም ይቻላል። የደራሲዎቹን ቅደም ተከተል ግን በቃል አትተዉት፤ ከተማሪው ጋር ገና በጠዋቱ ጻፉት። እኔ ያየሁት ጠብ ሁሉ ከውጭ ሌባ ሳይሆን ከዚህ የመጣ ነው።

«ይሄ ደግሞ የምን ቅንጦት ነው?» የሚል ባልደረባ አይጠፋም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ የኦፕን አክሰስ (ማንም ያለ ክፍያ እንዲያነበው የማድረግ) ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። አሳዪውና ወደ ሥራሽ ተመለሺ።

ጆርናሉ ከደራሲው የሚጠይቀው የኅትመት ክፍያ ካስፈራሽ፣ ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ሙሉ በሙሉ ኦፕን አክሰስ በሆኑ ጆርናሎቻቸው ላይ ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ክፍያውን ይተዋሉ። ግን ጽሑፉን ስትልኪ ነው የሚጠየቀው። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብትጠይቂ እሺ ላይሉሽ ይችላሉ።