የአሮጌ መኪና ሞተር ድምፅ፦ ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄ ስትልኩልኝ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ይንኳኳል» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ጠዋት ነው ወይስ ሲሞቅ? ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ) ነው ወይስ ነዳጅ ስትሰጡት? ድምፅን በቃል መግለጽ ይከብዳል፤ መቼ እንደሚመጣ ግን ማንም ሰው ያውቃል።

ጥ፦ ጋሼ፣ ዲኤክስ ኮሮላ ነው የምነዳው። አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ነው። አዋሽ ስወርድ ግን ነዳጅ ስረግጥ ቆርቆሮ ውስጥ ሚስማር የሚንኳኳ ይመስላል። መካኒኬ ሞተሩ ይውረድ አለኝ።

መ፦ ወንድሜ፣ እባክህ ገና አታስወርደው። የምትለው ድምፅ ነዳጁ ያለ ጊዜው ሲቀጣጠል የሚመጣው ይመስላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። ይህን ለማካካስ ብዙ ጋራዥ ዲስትሪቢዩተሩን (እሳት ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን ክፍል) አዙሮ እሳቱ ቀደም ብሎ እንዲነሳ ያደርጋል። እዚህ ከተማ ችግር የለውም። አዋሽ ግን 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ሲል የተቀደመው እሳት ልኩን ያልፋል። ድምፁ ሲመጣ እግርህን ከነዳጁ ላይ ቀለል አድርግ። ወዲያው ከጠፋ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። ከመውረድህ በፊት እሳቱን በታይሚንግ ላይት (እሳቱ የሚነሳበትን ቅጽበት በሚያሳይ መብራት) ወደ ፋብሪካው ልክ አስመልስ። ዳገት ላይም በአራተኛ ማርሽ አትታገል፣ ወደ ሦስተኛ አውርድ። ዝም ብለህ ከቀጠልክ ፒስተን ሊበሳ ይችላል።

ጥ፦ ቪትዜ ጠዋት ስትነሳ ሁለት ሦስት ሰከንድ ካርካር ትልና ዝም ትላለች።

መ፦ እህቴ፣ የቪትዝ ሞተር ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ የሚያዞረው በችንጋ (የጎማ ቀበቶ) ሳይሆን በካቴና (ሰንሰለት) ነው። ሌሊት ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል። ካቴናውን የሚወጥረው ክፍል ግፊት እስኪያገኝ ድረስ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ዘይቱን ለኪ፣ የተቀየረበትንም ቀን አስታውሺ። ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ካቴናውና ወጣሪው ይታዩ።

ጥ፦ ጠዋት ትክ ትክ ይላል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ቫልቭ ነው?

መ፦ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ቱቦ) ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አያለሁ። ጥላሸት ካለ ጭስ እያመለጠ ነው። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ክፍተቱ ይደፈናል፣ ድምፁም ይጠፋል።

ጥ፦ የቢየላን ድምፅ ከቫልቭ እንዴት ነው የምንለየው?

መ፦ የቫልቭ ድምፅ ቀላልና ፈጣን ነው፣ ከላይ ይመጣል። የቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ግን ከታች የሚመጣ ከባድ ኳ ኳ ነው፣ ነዳጅ ስትሰጡት ይብሳል። አንድ የታክሲ ኮሮላ ጋራዣችን መጥቶ ነበር፣ ሁሉም ቫልቭ ነው ብለውታል። ወደየሲሊንደሩ እሳት የሚወስደውን የካንዴላ ካቦ በየተራ ነቀልኩ። ሞተሩን እያጠፋሁ፣ የተነቀለውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር እያገናኘሁ ነው። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ለውጥ የለም። ሦስተኛው ሲነቀል ኳኳታው ደከመ። ከታች ያለው የዘይት ኮፓ ሲከፈት የሦስተኛው ቢየላ ብሮንዝ (መሽከርከሪያው ላይ ያለው ስስ ሽፋን) ተልጦ መዳቡ ይታይ ነበር። ቫልቭ ቢሆን ኖሮ ካቦ መንቀሉ ድምፁን አይለውጠውም ነበር። ለቫልቩ ደግሞ ክፍተቱን አስለኩ፤ በአሮጌ ኮሮላዎች 4ኬ ሞተር ሲሞቅ የማስገቢያው 0.20፣ የማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። በየካንዴላው ላይ የራሱ ኮይል ያላቸውን አዳዲስ ሞተሮች ግን በዚህ መንገድ አትሞክሩ።

ጥ፦ ሲነሳ ሲር የሚል ጩኸት አለው።

መ፦ ዳይናሞውን የሚያዞረው የውጭው ችንጋ ነው። ትንሽ ውሃ ጠብ አድርግበት። ጩኸቱ ከባሰ ላልቷል፤ ለጥቂት ጊዜ ከጠፋ ግን ፑሊዎቹ መስመር ስተው ይሆናል። ስትሠራ እጅህን አርቅ።

ጥ፦ የዘይቱ ቀይ መብራት በርቶ ኳኳታ ጀመረ። ቤት ለመድረስ 6 ኪሎ ሜትር ቀርቶኛል። ልድረስ?

መ፦ አትድረስ። አሁኑኑ አጥፋ። ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ዘይቱን ለካ፣ ግን ሞልቶም ብታገኘው አታስነሳው። ጎታች መኪና ጥራና መለኪያው ላይ ያየኸውን ጻፍልኝ፣ እየጠበቅኩህ ነው።