የኮሌጅ የጽሑፍ ኮርስ ለምትጀምሩ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ይህን ኮርስ ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ትምህርት ሊጀመር ሲል የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ የደረሱኝን እዚሁ በአንድነት እመልሳለሁ። የምትጽፉት በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ፣ ነገሩ ያው ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ በድርሰት ጎበዝ ነበርኩ። ኮሌጅ ሲገባ ምን ይለወጣል?

ስለ አንድ ነገር መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ ስለ ነገሩ አቋም መያዝ አለብህ። «ማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅምም ጉዳትም አለው» ብትል ማን ይቃወምሃል? ማንም። የሚቃወም ከሌለ ደግሞ የምታስረዳው ነገር የለም። «ስልክን ከክፍል ማገድ የሚጠቅመው እገዳው የእረፍት ሰዓትንም ሲጨምር ነው» ብትል ግን «እንዴት ሆኖ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ድርሰትህ ለእሱ የምትሰጠው መልስ ነው። አስተዋይ ሰው ሊቃወመው የማይችል ዓረፍተ ነገር ከያዝክ፣ እጅህ ላይ ያለው ርዕስ እንጂ አቋም አይደለም።

ጥያቄ፦ መግቢያ፣ ሦስት ነጥብ፣ መደምደሚያ የሚለውን ባለ አምስት አንቀጽ ድርሰት ልተወው?

ሰዓት ለሚያጣድፍ ፈተና ያገለግልሃል። ከዚያ ውጭ የአንቀጹን ቁጥር ሐሳቡ ይወስን። ለመሙላት ሲባል የተፈጠረ ሦስተኛ ምክንያት ከሩቅ ያስታውቃል።

ጥያቄ፦ ባዶ ገጽ ላይ አፍጥጬ እቀራለሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አልወጣ ይለኛል።

ከመግቢያው አትጀምሪማ! ገና ያልመጣ እንግዳ እንዴት ይተዋወቃል? በደንብ ከምታውቂው አንቀጽ ጀምሪ፤ መሃል ላይ ያለ ቢሆንም ግድ የለም። ለ10 ደቂቃ ያህል ምንም ሳትሰርዢ ጻፊ፤ ይህን የሚያየው የለም። ብዙ የመጀመሪያ ረቂቆች ላይ ያየሁትን ልንገርሽ፦ እውነተኛው ሐሳብ ብቅ የሚለው መጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው። ጸሐፊው የሚያስበውን ያወቀው ጽፎ ሲጨርስ ነውና። ያንን ዓረፍተ ነገር አንስተሽ ራስጌ ላይ አድርጊው፣ ሌላውን ከእሱ ተነስተሽ እንደገና ጻፊ።

ጥያቄ፦ መምህሬ ያሰመረችበትን ሁሉ አስተካክዬ አስገባሁ፤ ነጥቤ ግን ብዙም አልተነሳም። ለምን?

ያረምከው ፊደልና ሰዋስው ስለሆነ ይመስለኛል። መከለስ ሌላ ሥራ ነው። ረቂቁን አትምና በየአንቀጹ ኅዳግ ላይ «ይህ አንቀጽ የሚለው…» ብለህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሙላው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ካስፈለገህ አንቀጹ ሁለት ነው፤ ክፈለው። የሚጻፍ ካጣህለት ሰርዘው፣ አትዘንለት። ከዚያ የኅዳጉን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብብ። አንዱን ከሌላው የሚያያይዘው «በተጨማሪም» ብቻ ከሆነ የጻፍከው ዝርዝር ነው፤ ክርክር አልሆነም። ሰዋስውና ፊደል የመጨረሻው ምሽት ሥራ ናቸው፤ ያን ጊዜ ድምፅህን አሰምተህ አንብበው፣ ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ በራሴ አባባል ካስቀመጥኩት ምንጩን መጥቀስ አለብኝ?

አዎ፤ ሐሳቡም ባለቤት አለው። ቃሉን በተመሳሳይ ቃል እየተኩ የዓረፍተ ነገሩን አጥንት እንዳለ መተውም ያው መገልበጥ ነው። አንብቢ፣ ገጹን ዝጊ፣ የገባሽን ጻፊ፣ ከዚያ ከፍተሽ አመሳክሪ። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚፈላ ለመናገር ግን ምንጭ አያስፈልግሽም።

ጥያቄ፦ ኤፒኤ፣ ኤምኤልኤ፣ ቺካጎ የሚባሉትን የምንጭ አጠቃቀስ ስልቶች ሁሉንም ልሸምድድ?

አንዱንም። ኤፒኤ የጸሐፊውን ስምና ዓመቱን ያስቀድማል፤ በሥነ ልቦናና በማኅበራዊ ሳይንስ ጥናቱ መቼ እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋልና። ኤምኤልኤ ስምና ገጽ ይሰጣል፤ ሥነ ጽሑፍ አጥኚ ቃሉ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ማየት ይፈልጋል። የታሪክ ሰዎች የቺካጎን የግርጌ ማስታወሻ ይወዳሉ። የትኛውን እንደምትጠቀም ኮርስ አውትላይኑ ይነግርሃል፤ እትሙን ብቻ አረጋግጥ (የኤፒኤ 7ኛው በ2019፣ የኤምኤልኤ 9ኛው በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል)። ምንጩን ባነበብክበት ሰዓት መዝግበው እንጂ ለማስረከቢያው ሌሊት አታቆየው።

ጥያቄ፦ ቻትጂፒቲ ብጠቀምስ?

አስቀድመህ የመምህርህን ደንብ አንብብ፤ ከክፍል ክፍል ይለያያል። የሌለ መጽሐፍ ጠቅሶ እንደሚሰጥም እወቅ። እኔን ከጠየቅኸኝ፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ እሱ ከጻፈልህ ኮርሱ ሊያስተምርህ የፈለገውን ክፍል ወስዶብሃል። ተቃዋሚ ሆኖ እንዲጠይቅህ ብታደርገው ይሻላል፣ ያውም ደንቡ ከፈቀደ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ረቂቄን አንብቦ «አሪፍ ነው» ብቻ ይለኛል።

«እንዴት ነው?» ብለሽ ስለጠየቅሽው ነዋ። «ዋናው ሐሳቤ ምን ይመስልሃል? የቱ ጋ ተመልሰህ አነበብክ?» በይው። ያላሰብሽውን ከነገረሽ አታስረጂው፤ ቦታውን ምልክት አድርጊበት።

ጥያቄ፦ ገጹ አልሞላ ሲለኝስ?

ዓረፍተ ነገር አትለጥጥ። ከአንተ በተቃራኒ የቆመው ሰው የሚያነሳውን ጠንካራ ነጥብ አስገባና መልስለት። እሱም ካልበቃ ርዕስህ ሳይሰፋብህ አልቀረም፤ ሰፊ ርዕስ ላይ ሁሉም የሚያውቀውን ተናግረን ቶሎ ያልቅብናል። አጥብበውና መምህርህን አማክር።