ፋይበር ላይ የለጠፋችሁት ለምን ይላቀቃል? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ ፋይበር (በሙጫ የደረቀ የብርጭቆ ክር) እጠግናለሁ፤ የባጃጅ ጣራ፣ የመኪና ፓራውልት፣ ጀልባ። ስለ ሙጫና ስለ ማጣበቅ የቸገራችሁን ጠይቁኝ።

የጎርጎራ ልጅ፦ ጋሼ፣ የጀልባችን ሆድ ተሰንጥቆ በኤፖክሲ (ከማድረቂያ ጋር የሚቀላቀለው ሙጫ) ፋይበር ደረብንበት። በ2 ሳምንቱ እንደ ልጣጭ ተነሳ። ሙጫው አስመስሎ የተሠራ ይሆን?

መልስ፦ ሙጫውን አትውቀስ። የተነሳውን ቁራጭ ገልብጠህ እየው። ክር ይዞ ከተነሳ ሙጫው ይዟል፣ የተቀደደው ፋይበሩ ራሱ ነው። ልሙጥ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን መጀመሪያውኑ አልያዘም። ፋይበር ሲሠራ ከሞልዱ (ከቅርጽ ማውጫው) እንዲላቀቅ ሰም ይቀባል፣ ያ ሰም ላዩ ላይ ይቀራል። ሳታጸዳው ብርጭቆ ወረቀት ካስኬድክበት ሰሙን አታነሳውም፣ ጭረቱ ውስጥ ትጠቀጥቀዋለህ እንጂ። ስለዚህ መጀመሪያ ማጽዳት፣ ከዚያ መፈግፈግ፣ ከዚያ እንደገና ማጽዳት። ቀለሙንና ከሥሩ ያለውን የሚያብረቀርቅ ሽፋን አንሳ። በ80 ቁጥር ወረቀት ፈግፍግ፣ ክሩን ግን አትብላው። ውፍረቱ 5 ሚሊ ከሆነ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ 6 ሳንቲ ድረስ እያሳሳህ ውረድ። ጀልባው ውሃ ጠጥቶ ከሆነ ደግሞ ሳይደርቅ አትንካው። ለአሴቶን (ቅባትና ሰም የሚያነሳው ፈሳሽ) 2 ነጭ ጨርቅ ያዝ፤ በአንዱ አርጥበህ ስትጠርግ ሳይተን በሌላው በደረቁ ታነሳዋለህ፣ አለበለዚያ ቆሻሻውን ከቦታ ቦታ ማዞር ብቻ ነው። በመጨረሻ ንጹሕ ውሃ አፍስስበት። እንደ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ ከቆየ ጸድቷል። ጤዛ መስሎ ከተሰባሰበ ገና ነው፣ ከመጀመሪያው ጀምር። ካለፈ አድርቀህ በዚያው ቀን ለጥፍ፣ በእጅህም አትዳብሰው።

ባጃጅ ሾፌር፦ ምን ዓይነት ሙጫ ይሻላል?

መልስ፦ ምኑን ከምን ጋር ልታጣብቅ ነው? እሱን ሳትነግረኝ መመለስ አልችልም።

የአዘዞ ጋራዥ፦ አሴቶን ውድ ነው። እኛ ስንት ዓመት በቤንዚን እየጠረግን ነው፣ ምንም አልሆነም።

የጎርጎራ ልጅ፦ እኛም በቤንዚን ነበር የጠረግነው።

የአዘዞ ጋራዥ፦ እናንተ በደንብ ሳትፈገፍጉት ነው እንጂ ቤንዚን ምን አደረገ?

አናጢው፦ ቤንዚን ቅባት ይተዋል፣ እንጨት ላይ እንኳ አይቼዋለሁ።

የአዘዞ ጋራዥ፦ የእንጨትና የፋይበር ነገር ምን አገናኘው? እኛ ጠርገን በኮምፕረሰር እንነፋዋለን፣ አለቀ።

መልስ፦ አናጢው ልክ ነው፣ ቤንዚን ሲተን ቅባት ይተዋል። ከቤንዚኑ የባሰው ግን ኮምፕረሰሩ ነው። ማጣሪያ ከሌለው ዘይት ይተፋል። ነጭ ወረቀት ፊቱ ይዘህ ንፋበት፣ ነጠብጣቡን ታየዋለህ። ያጸዳኸውን መልሰህ በዘይት መቀባት ነው። መጀመሪያ ማጽዳት፣ ከዚያ መፈግፈግ፣ ከዚያ እንደገና ማጽዳት!

አንዲት እናት፦ ልጄ፣ የፕላስቲክ የውሃ ታንከሬ ተሰንጥቆ ነበር፣ በዚህ ይያዛል?

መልስ፦ አይያዝም እማማ። እሱ ፋይበር አይደለም፣ ኤፖክሲ አይዘውም። ፕላስቲክ በሙቀት የሚበይድ ሰው ይፈልጉ።

አዲስ ገቢ፦ የለጠፍኩት ተላቀቀብኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለጎርጎራው ልጅ የመለስኩትን አንብብ። ደግሜ አልጽፈውም።

ተማሪ፦ በክረምት ኤፖክሲው ደርቆ ላዩ ያሙለጨልጫል። በላዩ ሌላ መደረብ ይቻላል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ማድረቂያው ከአየሩ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው ነው። እኔም አንድ ሐምሌ ላይ አመሻሽቼ የለጠፍኩት ፓራውልት እንዲሁ ሆኖብኝ፣ ሳላጥበው ደርቤበት ሙሉውን መልሼ ገፍፌዋለሁ። ይሄ በአሴቶን አይለቅም፣ በለብታ ውሃና በስፖንጅ እጠበው። ሲደርቅ ፈግፍገው። በክረምት ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ፣ ዕቃው ራሱ ሲሞቅ ጀምር፣ ወደ ማታ አትጀምር። በኤፖክሲ ላይ ደግሞ ፖሊስተር (ሌላውን የፋይበር ሙጫ) አትደርብ፣ በደንብ አይይዝም። ስትፈገፍግ ማስክ አድርግ። የፖሊስተሩ ማድረቂያ ዓይን ያጠፋል፣ ያለ መነጽር አትክፈተው።

የጎርጎራ ልጅ፦ ጋሼ፣ ገልብጬ አየሁት። እንደ መስታወት ልሙጥ ነው።

መልስ፦ በል የቀረውንም ገፍፈህ አንሳው። ውሃውን ስታፈስበት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ ሳላየው እንዳትለጥፍ።