«ሥራ እንዴት ላግኝ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁኝ፦ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎች ጥያቄና መልስ

ደረጀ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት እዚህ ነኝ። ለማታውቁኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ዳታቤዝ ላይ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ባንክ ቤት ነበርኩ፣ አሁን ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነኝ። ጀማሪዎች ሲቀጠሩ የምፈትነው እኔ ነኝ። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ለመቀጠር ብላችሁ ብር አትክፈሉ። ኦርጂናል ዶክመንታችሁን ለማንም አታስይዙ። በሉ ጠይቁ።

ናቲ፦ ጋሼ፣ ዘንድሮ ነው የተመረቅኩት። ሥራ እንዴት ላግኝ?

ደረጀ፦ ርዕሱን አንብበኸዋል? ምን ዓይነት ሥራ? የት ከተማ? ምን ትችላለህ? እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

ሰብለ ከባሕር ዳር፦ ማስታወቂያ የት የት ልከታተል?

ደረጀ፦ የምታውቂያቸው ናቸው። ኢትዮጆብስ፣ ሀሁጆብስ፣ ቴሌግራም ላይ አፍሪወርክ፣ ሪፖርተር ጋዜጣ። «0 ዓመት» የሚለውን ብቻ እየመረጥሽ አትቀመጪ። «1 ዓመት» የሚል ላይም ኢንተርንሺፕሽንና የሠራሽውን ጽፈሽ ላኪ። ቢበዛ አይደውሉም። «የመመዝገቢያ 300 ብር» የሚል ካየሽ ግን ዝጊው።

ሚኪ፦ ጂፒኤዬ 2.6 ነው። ተስፋ አለኝ?

ደረጀ፦ መነሻ ነጥብ የሚያስቀምጡ መሥሪያ ቤቶች አሉ፣ እነሱን እለፋቸው። እኔ ሲቪ ሳይ ጂፒኤ የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

አቤል፦ የመውጫ ፈተና ወድቄያለሁ። እስከዚያው ላመልክት?

ደረጀ፦ ከ2015 ጀምሮ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። መጀመሪያ እሱን ጨርስ።

ሐና፦ ለማሳያ የሚሆን ምን ፕሮጀክት ልሥራ? ያለኝ የሥራ ዝርዝር መያዣና የአየር ሁኔታ አፕ ነው። ሁሉም ሰው ያለው።

ደረጀ፦ እሰይ! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው ያመሸሁት። ሁለቱንም ደብቂያቸው። የሰፈራችሁን እድር ሥሪ። ቀልዴን አይደለም። እድር ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ውስጡ ግን የአገራችን ሶፍትዌር ራስ ምታት በሙሉ አለ።

መጀመሪያ ስም። ውጭ አገር የተሠራ ፎርም «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቅሻል። እኛ ጋ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ሦስት ዓምድ ያስፈልግሻል። ቀጥሎ ፍለጋ። ጸሐፊው «ፀሐይ» ብሎ መዝግቧቸው ገንዘብ ያዡ «ጸሃይ» ብሎ ቢፈልግ፣ ሲስተሙ ሴትዮዋ አባል አይደሉም ይላል። ሃያ ዓመት የከፈሉ ሰው! ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ፣ ከፍለጋው በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ማምጣት አለብሽ። ግን የተመዘገበውን ስም እንዳትነኪው፤ ሰው ስሙን እንደጻፈው ነው ማየት የሚፈልገው። ለፍለጋ የሚሆን ሌላ ዓምድ ክፈቺ።

ከዚያ ቀን። ጳጉሜ ላይ መዋጮ አለ ወይ? ይህን ዳኛውን ሄደሽ ጠይቂ፤ ደንበኛን ጠይቆ መረዳት ማለት እሱ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች። በ2015 ስድስት ነበረች፣ ቀጥሎ በ2019 ነው። ዓመቱን ለ4 አካፍለሽ 3 ከተረፈ 6 ናት። ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጪ፣ ለሰው ስታሳዪ ቀይሪው።

አልጨረስኩም። ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚባለውን የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ የምትጠቀሚ ከሆነ የዓምዱን ዓይነት ቫርካር (varchar) ብለሽ ስትተዪው አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይጠብቅሻል። የአማርኛ ፊደል የሚይዘውን ኤንቫርካር (nvarchar) አድርጊው፣ ኮዱ ውስጥ ከጽሑፉ ፊት የምትገባውንም N አትርሺ። ባንክ ቤት ሳለሁ አንድ ሙሉ ቅርንጫፍ ደንበኛ በጥያቄ ምልክት ተመዝግቦ አግኝቻለሁ። ጽሑፉ አንዴ ከጠፋ አይመለስም፣ እንደገና ከፎርሙ መልቀም ነው። የቀብር መልእክት በአጭር ጽሑፍ ስትልኪም በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ይይዛል፣ በአማርኛ ግን 70 ብቻ። ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ለእድር ይህ ብር ነው።

ይህን ሠርታ የመጣች ልጅ ቃለ መጠይቅ ላይ ብትቀመጥ አንድ ሰዓት ሙሉ የምናወራው አለን።

ቢኒያም፦ ይቅርታ፣ ይሄ ሁሉ ተረት ነው። ያለ ሰው ሥራ የለም። ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ሰብለ፦ የእኔ ጓደኛ ማንንም ሳታውቅ ነው የገባችው።

ቢኒያም፦ አንድ ሰው አመጣሽልኝ። እኔ ሃያ ልጥራልሽ?

ሚኪ፦ ችግሩ ቋንቋው ነው። ጃቫ የሚችል ይፈለጋል፣ ሁሉም ፓይተን ብቻ ነው የሚማረው።

ቢኒያም፦ ጃቫ እችላለሁ። ምን ሆንኩ?

አቤል፦ ፓይተን ይሻላል ግን።

ደረጀ፦ ጨረሳችሁ? ቢኒያም የሚለው ውሸት አይደለም። በዘመድ የሚገባ አለ፣ አይቻለሁ። ግን «ሰው» ማለት አጎት ብቻ አይደለም። ኢንተርንሺፕ የሠራህበት ክፍል ኃላፊ ሰው ነው። ቀድሞህ የተቀጠረ የዶርም ጓደኛህ ሰው ነው። እኛ ጋ ክፍት ቦታ ሲኖር ማስታወቂያ ሳይወጣ መጀመሪያ የሚባለው «የምታውቁት ጎበዝ ልጅ አለ?» ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ያንተን ስም እንዲጠራ፣ የሠራኸውን አይቶ መሆን አለበት። ኢንተርንሺፕ ሄዶ ወረቀት አስፈርሞ ብቻ የመጣ ግን ማን ያስታውሰዋል? ጃቫና ፓይተንን ተዉት። ዳታቤዝ የሚጠየቅበትን ቋንቋ፣ ኤስኪውኤልን ቻሉ።

ትዕግሥት፦ አንድ ድርጅት ቀጠረኝ። ሁለት ዓመት እንዳልለቅ ላስፈርምሽ፣ ኦርጂናል ዶክመንትሽንም እናስቀምጥ ይላሉ።

ደረጀ፦ ከላይ ምን አልኩ? አታስይዢ። ኮፒ ስጪ፣ ኦርጂናሉን አሳይተሽ ይዘሽ ተመለሺ። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ኦርጂናል ስቱደንት ኮፒዬን ሰጥቼ ለማስመለስ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። በመሀል የተሻለ ሥራ አመለጠኝ። ሁለት ዓመቱን በተመለከተ፣ ብትለቂ ስንት እንደምትከፍዪ የሚለውን መስመር አንብቢ። ቁጥሩ ካልተጻፈ አትፈርሚ።

አቤል፦ ሙከራ ላይ ደመወዝ የለም የሚሉ አሉ። ልክ ነው?

ደረጀ፦ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። ሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ሠራተኛ ነው፣ ይከፈለዋል። ካልሆንክላቸው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱህ ይችላሉ። አንተም እንዲሁ መልቀቅ ትችላለህ። የጡረታ 7 ከመቶ ካንተ፣ 11 ከእነሱ መሆኑንም እወቅ፤ «ደመወዙ ይህን ያህል ነው» ሲሉህ የተጣራው ስንት እንደሆነ ጠይቅ።

ሮቤል፦ ከቤት ሆኖ ለውጭ ስለመሥራትስ? ክፍያ በፔይፓል ይሆናል?

ደረጀ፦ ፔይፓል እዚህ መቀበያ አይሆንም። ሌላውን የሠራበት ሰው ይመልስልህ።

ሮቤል፦ ኤአይ ሥራችንን አልወሰደውም ታዲያ?

ደረጀ፦ ኤአይ የጻፈውን ኮድ ይዞ የመጣ ልጅ «ይህ መስመር ለምን አስፈለገ?» ስለው ዝም ካለ፣ ሥራውን የወሰደበት ዝምታው ነው። ቀጥል።

ሚኪ፦ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የኦንላይን ሥልጠና ሰርተፍኬት ሦስት አለኝ። ጂፒኤው 2.6 ቢሆንም እሱ ያካክሳል?

ደረጀ፦ ሚኪ፣ ስለ ጂፒኤ መልሻለሁ። ሰርተፍኬቱ ጥሩ ነው። ተምረህ የሠራኸውን ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ አስቀምጠህ ሊንኩን ላክ። ስትልክ የዳታቤዝህን ፓስዎርድ አብረህ አትስቀል። ይህንንም ስንቴ ነው የምለው?

ናቲ፦ ጋሼ ተመልሻለሁ። አዳማ ነኝ። ማንኛውም ሥራ ቢሆን እሠራለሁ።

ደረጀ፦ ናቲዬ፣ «ማንኛውም» የሚባል ክፍት ቦታ ወጥቶ አያውቅም። የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ምን ነበር? አንተ የጻፍከው የትኛውን ክፍል ነው?

ናቲ፦ የክሊኒክ ሲስተም። የካርድ ክፍሉን እኔ ነኝ የሠራሁት።

ደረጀ፦ ይኸው! ይህን ከሲቪህ አናት ላይ ጻፍ። አዳማ ውስጥ ስንት ክሊኒክ አለ? ካርድ የሚፈልጉት በእጅ ከሆነ ሄደህ አሳያቸው።

ሐና፦ ጋሼ፣ እውነቱን ለመናገር እድሩን ባለፈው ክረምት ለእናቴ ጀምሬው ነበር። አፍሬ ነው ያልጠቀስኩት። ሊንኩ ይኸው።

ደረጀ፦ ቆይ ልየው።

ደረጀ፦ ስሙ ሦስት ዓምድ ነው፣ ጎሽ። ፍለጋው «ፀሐይ»ን በሁለቱም አገኘ። ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ብዬ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ቆረጠልኝ። በ2016 ጳጉሜ 5 ናት። አስተካክለሽ ነገ ከሲቪሽ ጋር በውስጥ መስመር ላኪልኝ። አራት ሰዓት ሆነ፣ ደህና እደሩ።